ጎንደርና ደባርቅ የሚለያዩት ሌሊት ነው

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ባለቤቴ ወደ ደባርቅ ተዛውሮ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ሥራ ይገባል። እኔ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገርኩ ለሦስት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ፤ በቀን እስከ 80 ይደርሳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 8ኛ ክፍል ትገባለች፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። እናቴም አብራን ትኖራለች። 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ብርድ ሲሆን ደረቷን ያፍናታል። ባለቤቴ "የደባርቅ ኪራይ ይቀንሳል፣ ጠቅልለን እንውጣ" ይላል። እኔ ለእንጀራ ሥራዬም ለእናቴም ፈራሁ። እሱ ብቻ ሄዶ በየሳምንቱ ቢመላለስስ? ከሄድንስ ምጣዱን ሸጬ ልሂድ?»
ጋጋሪዋ፣ ከማራኪ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ባለቤትዎ የቆጠሩት የወር ኪራዩን ነው። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ቆጥረው ይወስኑ እንላለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ700 ሜትር ይበልጣል። አባቶች ሀገሩን ሲከፍሉ ጎንደርን ወይና ደጋ፣ ደባርቅን ደጋ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከደባርቅ አልፈው ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥተው ሳንቃበር ሲደርሱ ደግሞ ውርጩ ይጀምራል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛልና ደባርቅ ከጎንደር በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች።

አምስት ዲግሪ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ቀን ቤት ለማየት ሄዶ የሚመለስ ሰውም ልዩነቱ አይታወቀውም፤ የቀትሩ ፀሐይ እንዲያውም ከጎንደር ይበልጥ ይለበልባል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ይለቅቃል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ያገኛሉ። ሊጥዎ የሚቦካውም፣ እናትዎን የሚያፍናቸውም፣ ከሰል ሰው የሚጎዳውም በዚያ ሌሊት ነው። መልሳችንን ከዚያ አንጻር ያንብቡት።

ከእንጀራው እንጀምር፤ መተዳደሪያዎ ነውና።

ጎንደር በሁለት፣ ግፋ ቢል በሦስት ቀን የሚደርስ ሊጥ ደባርቅ ላይ በዚያው አያያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይዘገይብዎታል። ከቆላና ከወይና ደጋ የሚወጡ ጋጋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በለመዱት ቀን ይጋግሩታል፤ እንጀራው አፍለኛ ይሆናል፣ ዓይን አያወጣም፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ደግሞ ተናደው እርሾውን እጥፍ ያደርጉታል፤ ያኔ ከመጠን በላይ ይመራል፣ ደንበኛም ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ሙቀቱን መጠበቅ ነው፤ እርሾው ትንሽ ብቻ ይጨምር። ለ5 ኪሎ ዱቄት ጎንደር ላይ ግማሽ ሊትር እርሾ የሚያደርጉ ከሆነ ደባርቅ ላይ ሦስት ሩብ ሊትር ይሞክሩ፤ አንድ ሊትር ከሞላ ግን በዝቷል። ሲያቦኩ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ የእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሙቀቱ የሚሰማዎ፣ የማያቃጥል። ትኩስ ውሃ ያፈሰሱ እንደሆነ እርሾው ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ አራት ቀንም ቢቀመጥ ሊጡ አይነሳም።

ሊጡን ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡት። ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲመጠምጥ ያድራል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፈር ያለ የገለባ ፍራሽ ያድርጉ፣ ዙሪያውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፣ ክዳኑን ግን አያጥብቁ፤ ሊጡ ትንፋሽ ያወጣል። ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የሚጋግሩበት ክፍል ነው። ጋግረው ሲጨርሱ ምጣዱ ገና ለረጅም ሰዓት ትኩስ ነውና ያንን ሙቀት በር ዘግተው ለሊጡ ያውሉት። መድረሱን በቀን ቁጥር አይፍረዱ፤ አረፋው ጋብ ብሎ፣ ውሃው ከላይ ጠልሎ፣ ሽታው ሲመር ደርሷል።

አብሲቱ ደባርቅ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራልዎታል። አንድ እጅ ሊጥ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ እስኪወፍር አፍልተው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይመልሱታል አይደል? ጎንደር ላይ በደንብ አቀዝቅዘው ይመልሱት ይሆናል። ደባርቅ ላይ ጣት ሳያቃጥል ሞቅ እንዳለ ይመልሱት፤ የቀዘቀዘውን ሊጥ ያሞቀዋል፣ እርሾውንም ይቀሰቅሳል። ከዚያ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። በጎንደር አንድ ሰዓት የሚበቃው እዚያ ሁለት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ሁሉ በሥራዎ ላይ የሚያመጣውን አንድ ነገር አስቀድመው ያስቡ። በየቀኑ የሚጋግር ሰው በየቀኑ ያቦካል። ሊጡ በሦስት ቀን ሲደርስ ሦስት በርሜል ይበቃል፤ በአራት ቀን ሲደርስ አራት በርሜል፣ ተጨማሪ የአንድ ቀን ዱቄት፣ ለዚያም የሚሆን ገንዘብ ያስፈልግዎታል። ከምግብ ቤት ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ይህንን ያስሉት።

ጤፉ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በደባርቅ ከፍታ ጤፍ እምብዛም አይሆንም፤ የደባርቅና የዳባት ገበሬ የሚያመርተው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ነው። ጤፍ ከታች ተጭኖ ይወጣል፤ የጭነቱ ዋጋ እርስዎ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በሩብ ወይም በግማሽ ኩንታል እየቸረቸሩ ከመግዛት ከጎንደር ኩንታሉን አስጭኖ መውሰድ ያዋጣ እንደሆነ በሁለቱም ገበያ ጠይቀው ያወዳድሩ። ብዙ የደጋ ሰው ጤፍን ከገብስ ይቀላቅላል። ሦስት እጅ ጤፍ ከአንድ እጅ ገብስ ጋር ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል፤ ገብሱ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን እንጀራው ውሎ ሲያድር ይደርቃል። ለደንበኛ ሳይነግሩ ግን አይቀላቅሉ፤ በትንሽ ከተማ ስም ቶሎ ይጠፋል።

ስለ መድረቅ ካነሳን፦ ብርድ እንጀራን ከሻጋታ ይጠብቀዋል፤ ማደንደኑን ግን ያፈጥነዋል። እንጀራ በቅዝቃዜ ውስጥ ቶሎ ድርቅ ይላል። ስለዚህ እንፋሎቱ እንደወጣለት ወዲያው በጨርቅ ጠቅልለው መሶብ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ያስገቡት። ጎንደር ላይ ዘርግተው እንደሚያቆዩት ደባርቅ ላይ አያቆዩት።

አሁን መብራቱ። የቤት ምጣድ አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነው በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳል። በቀጭን ሽቦ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ የኪራይ ቤት መስመር ይህን አይችልም፤ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ጣሪያው ውስጥ እሳት ይነሳል። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ለብቻው የተሳበ መስመር ያስፈልግዎታል፤ ቢያንስ 2.5፣ ርቀቱ ረዘም ካለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ፣ ከሽቦው ጋር የሚመጣጠን የራሱ ማቋረጫ ያለው። ቆጣሪውም የጋራ ባይሆን ይሻላል፤ ከአከራይና ከተከራይ ጋር በየወሩ የሚያጣላው የምጣድ ቆጣሪ ነው።

ሌላም አለ። መስመሩ ዳር ላይ ከሆነ ወይም ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ቢሆን ጉልበቱ በአምስተኛ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል፤ እውነቱ ግን 3.5 ኪሎ ዋቱ ወደ 2.3 ይወርዳል፣ ከሦስት እጅ አንዱ ይጠፋል ማለት ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጡ ሲፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሰውም ጥፋቱን ከሊጡ ይፈልገዋል። ቤቱን ከመከራየትዎ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቴስተር ይለካልዎት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው መለካት ያለበት። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ መጋገር አንዱ መፍትሔ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሚርት ምድጃ ቢኖርዎት ደግሞ ደንበኛ አያጡም፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል። ማገዶ ሲገዙ ባሕር ዛፍ ይግዙ። አስታ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ እባክዎን አይግዙ፤ ከተራራው የሚመጣ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፣ ዋልያውና ጭላዳው የሚኖሩበት ምድር በእሱ ነው የተሸፈነው።

ደንበኛን በተመለከተ ደባርቅ የራሷ ወቅት አላት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ተጓዥ ተመዝግቦ፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣው ከደባርቅ ነው። ጎብኚ ሲኖር ለጉዞ የሚያበስሉት ሰዎች ለሦስትና ለአራት ቀን የሚሆን እንጀራ በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ ክረምት ሲገባ ይህ ገበያ ይቀዘቅዛል። ዩኒቨርሲቲው በአንጻሩ ከጎብኚው ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶች ትምህርት ባለበት ወራት ሁሉ ይሠራሉ። መነሻዎ እነሱ ይሁኑ፤ መንገደኛው ትርፍ ነው። በመጀመሪያው ወር በቀን ከ30 እንጀራ አይለፉ።

ለራስዎ ድስት አንድ ነገር እንጨምር። ውሃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ በ90 ወይም በ91። እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ ጎንደር ላይ አንድ ሰዓት ለሚፈጀው ሩብ ሰዓት ያህል ይጨምሩለት። ፕሬዠር ድስት ካለዎት ከጓዙ ሁሉ ቀድሞ የሚጫነው እሱ ነው።

ወደ እናትዎ እንምጣ። ደብዳቤዎ ላይ ያሳሰበን ይህ ነው።

የደባርቅ አየር ከጎንደሩ ከ100 እጅ 8 ወይም 9 እጅ ያህል ይሳሳል። ጎንደር የኖረ ጤነኛ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ ዳገት ሲወጣ ትንሽ ያለከልካል፣ ያበቃል። በ68 ዓመት፣ የደም ግፊት ላለበት፣ ደረቱም ለሚታፈን ሰው ግን መልሱ ከሐኪም መምጣት አለበት። «ብርድ ነው» የሚለው ቃል ብዙ በሽታ ይሸፍናል። አስም ሊሆን ይችላል፣ ልብ ሊሆን ይችላል። ጢስም ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ሲሆን መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይቀርባል፣ ሽማግሌ ከምድጃው ዳር አይለይም። ሦስቱም «ያፍነኛል» ያሰኛሉ፤ መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ገና ጎንደር እያላችሁ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደረታቸውንና ልባቸውን ያስመርምሩ፤ ሐኪሙን «2,850 ሜትር ላይ ሊኖሩ ነው» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። የምርመራ ወረቀቱን ቅጂና የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ ይያዙ። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ግን የሚልከው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ያ ማለት ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደ፣ መድኃኒቱ ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊቱንም ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየጠዋቱ ያስለኩና ይጻፉት። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ጋደም ሲሉ ከባሰባቸው፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ይለምዱታል ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ከከሰሉ ጉዳይ የሚበልጥ ምክር የለንም። በደጋ ከተማ ሰው ማታ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጢሱ ካለቀ በኋላ ፍሙን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ጢሱ ስላለቀ የጠራ ይመስለዋል። የሚገድለው ግን የማይታይና የማይሸት ነው፤ ፍሙ ቀይ እስከሆነ ድረስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፣ ደም ውስጥ የአየሩን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይቀድማል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳይሰማ ይቀራል። ውጭ ነፋስ ስላለ ደህና ነው አይበሉ፤ ቤቱ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በተደፈነ ቁጥር አደጋው ይብሳል። ክፍሉን ሲያሞቁ መስኮቱ በደንብ ይከፈት፤ ከመተኛትዎ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። ከሰል የመታውን ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አውጥተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት አያድነውም። ለእናትዎ ሌሊት የሚያሞቃቸው ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ጠርሙስ እግራቸው ሥር ሲቀመጥ ነው። ከሥር የሚያነጥፉት ደግሞ ከላይ የሚደርቡትን ያህል ይወፍር፤ ብርዱ በፍራሹ በኩል ነው የሚገባው። አንድ ጋቢ ከታች ሁለት ከላይ፣ ራሳቸውም ተሸፍኖ።

ቤት ሲመርጡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት። ሊሆንልዎት ከቻለ በነሐሴም አንድ ቀን ይዩት፤ ቆርቆሮው የሚያፈስ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። በደንብ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ካልተለሰነ ብሎኬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ብሎኬት ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ አይምረጡት። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት በእጅዎ ይዳስሱ፤ ነፋስ ከተሰማዎ ኮርኒስ ካልተመታ አይኖሩበትም። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ወደ ምሥራቅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በነጻ የሚገኝ ማሞቂያ ነውና። ገደሉን የሚያይ ቤት ዕይታው ያምራል፣ ነፋሱ ግን አያስተኛም። እነዚህን ሁሉ ሲያሟሉ «ይቀንሳል» የተባለው ኪራይ ከተባለው ያነሰ ልዩነት ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ ላይ የማገዶውን፣ የልብሱንና የኮርኒሱን ወጪ ይደምሩበት።

ውሃ እንኳን አዲስ ነገር አይሆንብዎትም፤ ጎንደር ላይ ፈረቃን ለምደዋል። ለአምስት ሰው በቀን 125 ሊትር ያህል፣ ከዚያ በላይ የመጋገሪያው ውሃ አለ። የሦስት ቀን ስንቅ የሚይዝ 500 ሊትር ሮቶ ይበቃል። የሰፈሩን ፈረቃ ከአከራዩ አይጠይቁ፤ ከጎረቤት ይጠይቁ።

ለልጆቹ ከወፍራም ጃኬት ይልቅ መደራረብ ይሻላል፤ ጠዋት ይንቀጠቀጣሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ያልባቸዋል፣ ላቡ ሲደርቅ ይበርዳቸዋል። የትንሹን ጉንጭ ፀሐዩና ነፋሱ እንዳይሰነጥቀው ጠዋት ቫዝሊን፣ ለፀሐዩም ሰፊ ባርኔጣ። ሌላው፣ ሰው ሲናገረው የሚያፍረው ነገር ቅማል ነው። ብርድ ባለበት ሰው ልብስ ደርቦ ይተኛል፣ ገላ መታጠብ ያዘገያል፤ የልብስ ቅማል የሚራባው እንዲህ ነው፣ ግርሻ ትኩሳትና ታይፈስም የሚተላለፉት በእሱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የውስጥ ልብስና አንሶላ በሚፋጅ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው ይጠቡ፤ ጋቢውን ፀሐይ ላይ ገልብጠው ያስጡ። ጨው ደግሞ አዮዲን ያለው ይሁን። የደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሚያልቅ እንቅርት በደጋ ይበዛል። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፤ ሲፈላ ከቆየ አዮዲኑ ይተናል።

«በየሳምንቱ ቢመላለስስ?» ላሉት፣ ስሌቱ ይኸው። ማታ መንገድ አይመከርምና ባለቤትዎ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ አይነሱም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደባርቅ ቢነሱ፣ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ኮሶዬን አልፈው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ማራኪ ናቸው። እሑድ 8 ሰዓት ላይ መመለስ አለባቸው። ከልጆቹ ጋር የሚያሳልፉት 28 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ ሌሊት እንቅልፍ ነው። በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ የትምህርት ዓመት 40 ሳምንት ቢሆን 8,000 ኪሎ ሜትር። በክረምት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። መንገዱ ክፍት መሆኑንም በዚያው ቀን መናኸሪያ ጠይቆ ነው የሚነሱት። ሰው ይህን ለአንድ ዓመት ይችለዋል። ለሁለት ዓመት ግን አንመክረውም፤ ትንሹ ልጅ አባቱን እንደ እንግዳ የሚቀበልበት ዕድሜ ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል። ባለቤትዎ በመስከረም ብቻቸውን ይግቡ፤ ለቤተሰቡ የሚሆነውን ቤት እየፈለጉ በኪራይ ክፍል ይቆዩ። ልጅቷ የ8ኛ ክፍል የክልል ፈተናዋን በተመዘገበችበት ትምህርት ቤት ትጨርስ፤ በዓመቱ መካከል ማዛወር ውጤቷን ይጎዳል። እርስዎ የጥምቀትን ገበያ ጎንደር ላይ ይሥሩ፤ ከተማዋ በእንግዳ የምትሞላበትን፣ እንጀራ የማይበቃበትን ያን ሳምንት ትተው መሄድ ኪሳራ ነው። ከዚያ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ የመንፈቅ እረፍት ሲወጡ፣ ለምግብ ቤቶቹ የሚተካዎትን ጋጋሪ አዘጋጅተው 25 ኪሎ ጤፍና የራስዎን እርሾ ይዘው ለ10 ቀን ደባርቅ ይግቡ። ብርዱ ገና አልወጣም፤ መፈተኛው ጊዜ ያ ነው። ሦስት ጊዜ ያቡኩ፣ ሦስት ጊዜ ይጋግሩ፣ የመጨረሻውን ለሁለት ምግብ ቤት አቅምሰው ዋጋ ይጠይቁ። እናትዎ ሐኪም ከፈቀደላቸው በእነዚያ ቀናት አብረው ይሁኑ፤ ሌሊት እንዴት እንዳደሩ በየጠዋቱ ይጠይቋቸው። ዓይኑ የወጣ እንጀራ ካገኙ፣ እናትዎም በሰላም ካደሩ፣ በሐምሌ ጠቅልለው ይውጡ። እንጀራው ተሳክቶ እናትዎ ካልቻሉ፣ እሳቸው ጎንደር ከሚኖር ሌላ ልጃቸው ወይም ዘመድ ጋር የሚቆዩበትን መንገድ ከአሁኑ ከወንድም እህቶችዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በጭነቱ ዕለት የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱም ካልሆኑ ባለቤትዎ ዓመቱ ሳያልቅ የመመለሻ ዝውውር ይጠይቁ።

ከወጣችሁ የቀበሌ መሸኛ፣ የልጅቷ ካርድና የትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የትንሹ የክትባት ካርድ፣ የእናትዎ የሕክምና ወረቀት በአንድ ፌስታል ተደርጎ በእጅዎ ይያዝ፤ ጓዝ ላይ አይጫን።

ምጣዱን አይሽጡት። የተሟሸና እጅዎ የለመደው ምጣድ በአዲስ ሲተካ ወር ያህል ያስቸግራል። ሲጭኑት በጀርባው አያስተኙት፤ በመንገዱ ንዝረት መሐሉ ይሰነጠቃል። እንደ መስኮት ቀጥ አድርገው፣ በሁለት ፍራሽ መካከል፣ ከሥሩ ገለባ ጎዝጉዘው ያቁሙት። ሸክላውን ከብረቱ ማውጣት የሚችል ሰው ካለ ለየብቻ ቢጫን ይመረጣል። ደባርቅ ሲደርሱ ወዲያው አይሰኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጠመዝማዛው ሽቦ አለመበጠሱንና ብረቱን አለመንካቱን በቴስተር ያረጋግጥ፤ የምድር መስመሩም ይታይ። ሸክላው በመንገድ እርጥበት ስቦ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ የመጀመሪያውን ቀን 5 ደቂቃ አብርተው 10 ደቂቃ እያጠፉ ቀስ ብለው ያሙቁት። ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሰው በጨርቅ እያሹ፣ ሸክላው ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭ ድረስ እንደገና ያሟሹት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እንጀራዎች ቢጣበቁ አይደንግጡ፤ ለልጆቹ ፍርፍር ይሆናሉ።